ጎማውን የወሰደው

«እማ፣ ኧረ ያዢልኝ! ጭንቅላቱን ብቻ!»

እናቷ አልመጣችም። ወጥ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ታጥባለች። ናዲራ ወንድሟን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ጭንቅላቱን በክንዷ ደገፍ አድርጋ፣ በሌላ እጇ ሰማያዊውን የንፍጥ መምጠጫ ጎማ ይዛለች። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ መምጫው ደርሷል። አክረም ግን የአውቶቡስ ነገር አይገባውም፤ ገና የሁለት ወር ልጅ ነው። አፍንጫው ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ እጆቹን እያወራጨ ይጮኻል። ጡት ሲሰጡትም ትንፋሽ እያጠረው ቶሎ ይለቃል።

ጎማው እሱ ሲወለድ ከሆስፒታል የተሰጣቸው ነው። ሆዱ ሎሚ የሚያህል፣ አፉ ቀጭን። ነርሷ አጠቃቀሙን ያሳየችው ለእናትየው ለዛሂዳ ነበር፤ እሷ እንግሊዝኛ ስለማትችል ያስተረጎመችው ናዲራ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው የአስተርጓሚዋ ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያ ከፋርማሲ የተገዛው የጨው ውሃ ጠብ ይደረጋል። ንፍጡ እስኪላላ ትንሽ ይጠበቃል። ከዚያ ጎማውን ጨምቆ አየሩን ካስወጡ በኋላ ጫፉን አፍንጫው ቀዳዳ ላይ አስጠግቶ ቀስ እያሉ መልቀቅ ነው፤ ጎማው ወደ ቅርጹ ሲመለስ ንፍጡን ይዞ ይመጣል። ነገሩ ቀላል ነው፣ ልጁ ዝም ካለ። አክረም ደግሞ ዝም የሚል ልጅ አይደለም።

«ያ ረቢ! ይኼ ሁሉ ከዚህች አፍንጫ!» አለችና ናዲራ ጎማውን ሶፍት ላይ ጨመቀችው። ሌላኛውንም ቀዳዳ እንደዚያው አደረገች። አክረም ድንገት ጩኸቱን አቆመ። በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሳበና በገዛ ትንፋሹ የተገረመ ይመስል ዓይኑን አፈጠጠ።

እናቷ የመጣችው ያኔ ነው። «አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ» ብላ ሕፃኑን ተቀበለችና ጡቷን አጎረሰችው። ሶፍቱንም ጎማውንም ቀና ብላ አላየችም። ናዲራ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በመስኮት ቁልቁል ስታይ አውቶቡሱ ማዕዘኑን ታጥፎ ይሄዳል።

«ሚስ አደረግሁት! እማ፣ ዛሬም ላረፍድ ነው እኮ!»

እናቷ አንገቷን መስኮቱ ሥር ወዳለው የብረት ማሞቂያ አዘንብላ ታዳምጣለች። የሴንት ፖል ከተማ አሮጌ ሕንፃዎች የሚሞቁት በእንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ ሲገባበት ብረቱ ያፏጫል፣ ያንኮራፋል፣ አንዳንዴም ልክ አፍንጫው እንደታፈነ ልጅ ያለከልካል።

«እስኪ ዝም በይ» አለች እናቷ። «ትሰሚያለሽ?»

«ማሞቂያው ነው፣ እማ።»

«አዎ። ማሞቂያው ነው» አለች እናቷ። ማዳመጧን ግን አልተወችም።

ናዲራ ይህን ነገር አትወደውም። በዚያ ቤት የማይነሳ አንድ ስም ነበር። ከእሷ በኋላ፣ ከአክረም በፊት፣ ኬንያ በስደተኞች ካምፕ ሳሉ የተወለደና እዚያው የሞተ ወንድም ነበራት። እሷ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። የምታስታውሰው ከብርድ ልብስ ሥር የወጣች አንዲት ትንሽ ተረከዝ ብቻ ነው። ስሙን ታውቀዋለች፤ ግን አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ አባቷም እናቷም ሲጠሩት ሰምታ አታውቅም።

ትምህርት ቤት ስትደርስ የጠዋቱ ልምምድ ሊያልቅ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ልጆች ቴአትር ሊያሳዩ ነው፤ ናዲራ ደግሞ የመብራቱ ኃላፊ ናት። ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ፣ ቁልፎቹን ቀስ አድርጋ ከፍ ዝቅ ስታደርግ መድረኩ ላይ ጠዋትና ማታ የሚሆነው በእሷ ጣት ነው። በዚህ አገር እንደዚህ የወደደችው ነገር የለም። ዛሬ ከቁልፎቹ ፊት የተቀመጠው ግን ሌላ ልጅ ነበር። መምህርቷ ሚስ ሊንድግሬን ወደ ጎን ወሰደቻትና፣ ሳትቆጣ፣ አንድ ጊዜ ደግማ ካረፈደች ወይም ከቀረች ቦታው ለዚያ ልጅ እንደሚሰጥ ነገረቻት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉንም ለማዕዶት ነገረቻት። ማዕዶት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ አባቷ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ናቸው። ለሁሉም ነገር መልስ አላት፤ ለማያውቁት ነገርም መልስ ከሚሰጡ ሰዎች ናት ማለት ይቻላል።

«በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ሲገባ ኮምፒዩተሩም መብራቱም ድርግም ይላል እየተባለ ነው፤ አንቺ ደግሞ ለመብራት ታለቅሻለሽ» አለቻት ድንች ጥብሷን እያካፈለቻት። «ግን እናትሽ ለምን ራሷ አታደርገውም?»

«እንጃ። ትጸየፋለች መሰለኝ።»

«የራሷን ልጅ? ኧረ ባክሽ! እናቴ የወንድሜን በአፏ ነበር መጥጣ የምታወጣው። ቱፍ ትለዋለች፣ አለቀ።»

«ያክ!»

«ምን ያክ ትያለሽ? አንቺንም እንደዚያ ነው ያሳደጉሽ። ፋራ አትሁኚ። ስሚኝ፣ አንቺ ስላለሽ ነው እሷ የማታደርገው። አንድ ቀን ጎማው ቢጠፋስ? መላ ትፈጥራለች። ከዚያ በኋላ ነፃ ነሽ።»

«ቢታፈንስ?»

«በንፍጥ የሞተ ሕፃን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ማዕዶት፤ ሁለቱም ሳቁ።

በማግስቱ ጠዋት አክረም እንደተኛ ነበር። ጎማው ታጥቦ ከጨው ውሃው አጠገብ ተቀምጧል። እናቷ ሱብሂ ሰግዳ ገና ከመስገጃዋ አልተነሳችም። አባቷ ባህሩዲን ኤደን ፕሬሪ ወዳለው መጋዘን ለሥራ የሄደው ገና ሳይነጋ ነው። ናዲራ ጎማውን አነሳች፣ ካፖርት ኪሷ ውስጥ ከተተችው፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም።

ልምምዱ ላይ ቀድማ ደረሰች። ሚስ ሊንድግሬን ፈገግ ብላ ወንበሩን ሰጠቻት። ቁልፎቹ ላይ ጣቶቿን ስታሳርፍ ግን ደስታው እንደ ወትሮው አልመጣም። እጇን ኪሷ በሰደደች ቁጥር ጎማው ያገኛታል። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ሄዳ ስልክ ልትደውል አሰበች። ምን ትበል? «እማ፣ ጎማው እኔ ጋ ነው» ካለች ለምን ወሰድሽው ትባላለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ አለችና ድንቿን በላች። ከሰዓት በኋላም ልምምድ ነበር፤ ቀረች ማለት አይቻልም፣ እስከ መጨረሻው ቆየች።

ቤት ስትደርስ ገና ባይመሽም ጨልሟል። የዚያ አገር የብርድ ወራት ፀሐይ ተማሪ ከትምህርት ቤት ሳይመለስ ነው የምትጠልቀው። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው መሳቢያዎቹን ነው። ሁሉም ተጎልጉለው ወለሉ ላይ ተደፍተዋል። የሶፋው ትራስ ተነስቷል፣ የቆሻሻው ቅርጫት ተገልብጧል፣ ዳይፐሩ፣ ካልሲው፣ ማንኪያው አንድ ላይ ተቀላቅሏል። የሕፃን ድምፅ የለም።

«እማ?»

መኝታ ቤት ሮጠች። አክረም ትልቁ አልጋ መሀል ብቻውን፣ ዙሪያውን በትራስ ታጥሮ ተኝቷል። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። ትንፋሹ ጥርት ያለ ነበር፤ ግባ፣ ውጣ፣ ምንም የሚያግደው የለም። አፍንጫው ንጹህ ነው። ማዕዶት ልክ ነበረች ብላ ናዲራ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማት። እናቷን ያየቻት ቀና ስትል ነው። ከማሞቂያው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሻርፗን አፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማዋለች፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው።

«ያው እስካሁን ደህና ነው» አለች እናቷ ከጨርቁ ሥር። «አንቺ ተጠጊው። እኔ ነኝ የማልጠጋው።»

«ምን ሆነሽ ነው እማ?»

«ጎማው ጠፋ። ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁት። ጡት አልይዝ አለኝ፤ ከንፈሩ ጠቆረብኝ። ስልኩን አነሳሁ፤ በየትኛው ቋንቋ ልናገር? ከዚያ… በአፌ መጠጥኩለት። ምዬ ነበር፣ ወላሂ ሁለተኛ አላደርገውም ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ተሻለው እኮ! እዪው፣ ለጥ ብሎ ተኝቷል።»

«እንድሪስም ተኝቶ ነበር» አለች እናቷ።

ስሙ ቤቱ ውስጥ ሲነገር ማሞቂያው ዝም ብሎ ነበር። ናዲራ ቆማ ቀረች። እናቷ እያየቻት አልነበረም፤ ወለሉን እያየች፣ ለራሷ እንደምትነግር ሰው አወራችው።

ካምፑ አቧራ ነበር። እንድሪስ ልክ አክረምን ያህል ሳለ አፍንጫው ታፈነ። እሷ ደግሞ ያኔ ትስል ነበር፤ ካምፑ በሙሉ ይስል ነበር። የራሷ እናት እንዳስተማረቻት በአፏ መጠጠችለትና ተፋችው፤ ልጁም ቀለለውና ተኛ። ከቀናት በኋላ ትኩሳት ጀመረው። የካምፑ ነርስ፣ ፈረንጅ፣ በአስተርጓሚ ጠይቃት ያደረገችውን ስትሰማ ተቆጣች። ሳልሽን በአፍሽ አስገባሽበት አለቻት።

«አስተርጓሚው የኛው አገር ልጅ ነበር» አለች እናቷ። «አቀርቅሮ ነው የነገረኝ። ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው።»

ናዲራ አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል እናቷ በእጇ አገደቻት።

«ጎማውን እሱ ነው የወሰደው፣ ናዲ።»

«ማን?»

«እንድሪስ። ሌላ ማን ይወስደዋል? አባትሽ ሥራ ነው፣ አንቺ ትምህርት ቤት ነሽ። አክረም ከተወለደ ጀምሮ እዚህ ጋ ይተነፍሳል፤ እኔ እሰማዋለሁ። ለወንድሜ ጎማ ተሰጠው፣ ለእኔስ ብሎ ነው። በአፌ እንድነካው ፈልጎ ነው። እኔን እንዳደረግሽኝ አድርጊው ብሎኝ ነው።»

ጎማው ኪሷ ውስጥ ጎኗን ይጫናታል። አሁን ማውጣት ነበረባት፤ ይህን ናዲራም ታውቃለች። ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስትደነግጥ ብልጠት ይቀድማታል፤ አጉል ብልጠት። «ቆይ እስኪ እኔ ደግሞ ልፈልገው» አለችና አልጋው ሥር ተንበረከከች። ጎማውን ከኪሷ ወደ እጅጌዋ፣ ከእጅጌዋ ወደ መዳፏ አሳለፈችው።

«ይኸው! እማ፣ ከአልጋው ሥር ነበር! ተንከባሎ ነው!»

እናቷ ጎማውን አልተቀበለችም። ዓይኗ ብቻ ሰፋ።

«እዚያ ፈልጌአለሁ» አለች በቀስታ። «አልጋውን አንስቼ ነው የፈለግሁት። የፈለገውን ካስደረገኝ በኋላ መለሰው።»

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ናዲራ ብትረሳቸው ትወዳለች። እናቷ አክረምን ማቀፍ ተወች። ጡቷ በወተት ተወጥሮ እያመማት በጨርቅ አሰረችው፤ አባትየው የቆርቆሮ ወተት ገዝቶ መጣ። አክረም ጡጦውን ጠላ፤ ግማሹን ይጠጣና ግማሹን አንገቱ ሥር ያፈሰዋል። እናቷ ከበሩ ላይ ሆና፣ አፏን ሸፍና ታየዋለች። «አተኮሰው?» ትላለች። «ግንባሩን ንኪው እስኪ። አተኮሰው?» አላተኮሰውም። እንደገና ትጠይቃለች።

ባህሩዲን ቀልደኛ ሰው ነው፤ ማታ ከመጋዘን ሲገባ ከባድ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ዛሂዳ፣ አፍሽን የሸፈንሽው ወጡን እንዳትቀምሺብኝ ነው?» ብሎ ሞከረ። አልሳቀችለትም። አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ ልጁን ክሊኒክ ወሰደው። ሐኪሙ አዳመጠው፣ ደረቱ ንጹህ ነው አለ። ባህሩዲን ደስ ብሎት ሲነግራት፣ «የእንድሪስንም ንጹህ ነው ብለውኝ ነበር» አለችው። ያን ምሽት አባቷ ስሙን ከሰማ በኋላ ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። ናዲራ አባቷን ቀልድ ሲያልቅበት ያየችው ያኔ ነው።

ከሁሉ የከበዳት ግን ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት እናቷ ሰላቷን ጨርሳ እዚያው መስገጃው ላይ እንዳለች፣ «የሞተ ሕፃን በአኼራ እናቱን እጇን ይዞ ጀነት ያስገባታል ይላሉ» አለቻት። «ሼሁ ሲቀብሩት አብሽሪ፣ ይጠብቅሻል ብለውኝ ነበር። የኔ ግን ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። አሁን አወቅሁ።» ናዲራ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አለቀሰች። በዓለም ላይ ምንም ሳያደርግ የሞተ ወንድሟን ሌባ አድርጋዋለች። ቂመኛም አድርጋዋለች። ሊከራከር አይችልም፤ አፍ የለው።

ከዚያ ወዲያ ማሞቂያውን እሷም ትሰማው ጀመር። ብረቱ ሲያለከልክ መጽሐፏ ላይ ያለው እርሳስ ይቆማል። ማሞቂያ መሆኑን ታውቃለች፤ እንፋሎት እንዴት እንደሚሠራ በሳይንስ ክፍል ተምራለች። ግን ወደ መስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ አቃታት። የሚተነፍሰው እሱ ከሆነ የሚፈልገው እናቷን ሳይሆን እሷን ነው።

ለማዕዶት በስልክ ስትነግራት ማዕዶት ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣች።  ከዚያ፣ «እኔ ነኝ ያልኩሽ በያት። በእኔ አሳብቢ፣ አይከፋኝም» አለች። ጥሩ ልጅ ናት። ግን ኪሱም እጁም የማን እንደነበር ናዲራ ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት የመጨረሻው ልምምድ ነበር፤ ልብሱ፣ መብራቱ፣ ሁሉም ሙሉ ሆኖ። የማዕዶት አባት ሁለቱንም በመኪና ሊያደርሱ ቃል ገብተዋል። ናዲራ ካፖርቷን ለብሳ፣ ቡትሷን አስራ ከመኝታ ቤት ስትወጣ እናቷ ሳሎን ማሞቂያው አጠገብ ቆማለች። እግሯ ሥር ዚፑ የተዘጋ ቦርሳ አለ።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሮዝቪል፣ የሺሀረግ ጋ። አባትሽ ከሱቅ ሲመለስ ያደርሰኛል።» የሺሀረግ እናቷ አክረምን ባረገዘች ጊዜ ስትረዳት የነበረች የሥራ ጓደኛዋ ናት።

«እስከ መቼ?»

«ልጁ ጠና እስኪል። እኔ ከራቅሁ ይተወዋል። እኔን ነው የሚፈልገው፤ ተከትሎኝ ይሄዳል።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ወስና ጨርሳለች። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ከእኔ የተሻለ ታውቂበታለሽ። ጡጦውን ግን ለብ አርጊለት እንጂ አታሙቂው።»

አክረም ወለሉ ላይ መቀመጫው ውስጥ ሆኖ መነጫነጭ ጀምሯል። አፍንጫው እንደገና ታፍኗል። ተራ ጉንፋን ነው፤ አገሩ በሙሉ በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞታል። እናቷ ግን የልጁን ትንፋሽ በሰማች ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ከታች መኪና ጥሩምባ ነፋ።

ናዲራ ቦርሳዋን አስቀመጠች። አክረምን አነሳችው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አጋደመችው፣ የጨው ውሃውን ጠብ፣ ጠብ አደረገችለት። ልጁ ጮኸ። አሁን ንፍጡ እስኪላላ መጠበቅ ነው። ሌላ ጊዜ በዚህች መሀል ሰዓቷን ነበር የምታየው።

«እማ፣ ጎማውን እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

እናቷ ዞር አለች።

«የዚያን ቀን ጠዋት። ኪሴ ከትቼ ትምህርት ቤት ይዤው ሄድኩ። ሆን ብዬ። አንቺ እንድታደርጊው ብዬ ነው። ሁሌ እኔ፣ ሁሌ እኔ ስለሆንኩ… እንድሪስን በአፍሽ… አላውቅም ነበር። ወላሂ አላውቅም ነበር።»

«ኪስሽ ውስጥ?»

«አዎ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ከአልጋው ሥር ያገኘሽውስ?»

«ከእጅጌዬ ነው ያወጣሁት።»

እናቷ ቀረበቻት። እጇ ሲነሳ ናዲራ ዓይኗን ጨፈነች፤ ጥፊው ይገባኛል ብላ ጠበቀችው። አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ እጁ ያረፈው ሻርፑ ላይ ነው። እናቷ ጨርቁን ቀስ ብላ ከአፏ አወረደችው። ፊቷ በዚያ ሳምንት ከስቷል።

«ታዲያ እሱ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«አንድም ቀን?»

ናዲራ ወደ ማሞቂያው አየች። ብረቱ ሥራውን ይሠራል፤ ይተነፍሳል። ይህን ያህል ከዋሸች አንድ ጨምራ እናቷን ማጽናናት ትችል ነበር። አዎ ማለትም፣ አይደለም ማለትም የምታውቀው ነገር አልነበረም።

«እንጃ፣ እማ። ጎማውን ግን እሱ አልወሰደም። አንቺንም አልተቆጣም። እኔ ነኝ።»

ናዲራ እናቷ እፎይ ትላለች ብላ ነበር የጠበቀችው። ዛሂዳ ግን ወለሉ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠችና ገና አሁን መርዶ እንደተነገራት ሰው አለቀሰች። ደረቷን አልመታችም፣ አልጮኸችም፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አለ ብዬ እኮ ነው» አለች። «ቢቆጣኝም… አለ ብዬ ነው።»

ናዲራ ይህን አስባው አታውቅም። የወሰደችው ጎማውን ብቻ መስሏት ነበር። እጇ ግን የለመደውን አልረሳም። ጎማውን ጨመቀች፣ ጫፉን አስጠጋች፣ ቀስ ብላ ለቀቀች። በዚህም በኩል፣ በዚያም በኩል። አክረም ትንፋሹን ሳበና ጸጥ አለ። አቀፈችውና ወለሉ ላይ ተንበርክካ ወደ እናቷ ዘረጋችው። እናቷ አንድ ጊዜ ልጁን፣ አንድ ጊዜ ልጅቷን አየች። ከዚያ ተቀበለችው። የታሰረውን ጨርቅ ፈታ ጡቷን ስትሰጠው ሕመሙ ፊቷን አጨማደደው። አክረም ዓይኑን ሳይገልጥ ያዘ።

«ይቅር አላልኩሽም» አለች እናቷ ቀና ሳትል።

«እሺ።»

«እናደድብሻለሁ። ገና አልወጣልኝም።»

«እሺ፣ እማ።»

ከታች ጥሩምባው እንደገና ተነፋ፤ በዚህኛው ረዘም ብሎ። ሚስ ሊንድግሬን ያለችውን የምትረሳ ሴት አይደለችም። ናዲራ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ መጋረጃውን ገልጣ ወደ መኪናው እጇን ግራና ቀኝ አወዛወዘች፤ ሂዱ። ማዕዶት ከውስጥ በመስታወቱ አየቻት። ምንም አልጠየቀችም። መኪናው በረዶውን እየጨፈለቀ ሄደ።

ቡትሷን ፈታች። ካፖርቷን አውልቃ ወለሉ ላይ፣ ከእናቷ ክንድ አጠገብ፣ ግን ሳትነካት ተቀመጠች። አክረም ይጠባል፣ ይውጣል።

«እማ» አለች፤ «እንድሪስ ምን ይመስል ነበር?»

እናቷ የአክረምን ጆሮ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ጆሮው ትልልቅ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አባትሽ፣ ይኼ ልጅ ከዚህ ሆኖ ደሴን ይሰማል ይል ነበር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ…» አለች እናቷ፣ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ፤ «ሲስቅ ድምፅ አልነበረውም። ሆዱ ብቻ ነበር የሚስቀው። አንቺ ነበርሽ የምታስቂው።»

ናዲራ ይህን አላስታወሰችም። ጉልበቷን አቅፋ የቀረውን እስክትነግራት ጠበቀች።